«አስቀምጥ» ምኑን ያስቀምጣል? ስለ ቤተሰብ ቪዲዮ ቅንብር ቃላት የቀረበ ሒስ

የሠርግ፣ የክርስትና፣ የልደትና የመልስ ቀረጻን ማቀናበር የስቱዲዮ ባለሙያዎች ብቻ ሥራ መሆኑ ከቀረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1999 አፕል «አይሙቪ»ን፣ በ2000 ደግሞ ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ ሙቪ ሜከር»ን ለተራው ተጠቃሚ ካቀረቡ ወዲህ፣ ካሜራና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ የቤተሰቡ ፊልም ሠሪ ለመሆን በቅቷል። ዛሬ ሥራው ወደ እጅ ስልክ ወርዷል። ሙያው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ቤት ሲገባ ግን ቃላቱ አብረውት በደንብ አልገቡም። ባለሙያው በባዕድ ቃል ቢናገር ሥራውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አይሳሳትም፤ ተራው ተጠቃሚ ግን ሥራውን የሚማረው ከቃሉ ነው። ስለዚህ ቃሉ ካሳሳተው ሥራውም ይበላሽበታል፤ አንዳንዴም እንደገና የማይገኝ ነገር ይጠፋበታል።

በመጀመሪያ የሥራው የራሱ ስም አከራካሪ ነው። በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች ላይ «ኤዲት» የሚለው ትእዛዝ በአብዛኛው «አርትዕ» ተብሏል። ቃሉ ከግእዙ «ረትዐ» የወጣ ነው፤ ቀና፣ ተስተካከለ ማለት ነው። «ርቱዕ»ም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። (የመጨረሻው ፊደል ዐይኑ «ዕ» እንጂ አልፋው «እ» አለመሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ማሳሰብ ይገባል፤ «አርትእ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቃሉን ከግንዱ ይቈርጠዋል።) ለጽሑፍ ሥራ ስያሜው እጅግ ይስማማል፤ አርታዒ የጠመመውን ያቀናል፣ የተሳሳተውን ያርማል። የቪዲዮ ሥራ ግን በመሠረቱ ማቅናት አይደለም። የ2 ሰዓት የሠርግ ቀረጻን ወደ 20 ደቂቃ የሚያወርድ ሰው የቀረውን 100 ደቂቃ የሚተወው ስሕተት ስለ ሆነ አይደለም። የእርሱ ሥራ መምረጥ፣ መቍረጥ፣ መቀጠልና በቅደም ተከተል ማኖር ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ለዚሁ ሥራ ስም ሲያወጡ ዐይናቸውን የጣሉት በዚህ ላይ ነው፤ ፈረንሳዮች «ሞንታዥ» ብለው መገጣጠምን፣ ጀርመኖች «ሽኒት» ብለው መቍረጥን ጠቅሰዋል። ዐረብኛም የፈረንሳዮቹን ቃል ወስዷል። እኛ ነገሩን በእንግሊዝኛ በኩል ብቻ ስለ ተመለከትነው፣ ለመጽሐፍና ለፊልም አንድ ቃል የሚበቃ መስሎን ቀርቷል።

«ቅንብር» የሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ ነው፤ በሙዚቃ ሥራ ሲነገር ስለ ቈየም ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ሆኖም አንድ እንከን አለበት። በዛሬው አነጋገር «ይህ ምስል የተቀናበረ ነው» ሲባል ሐሰተኛ ነው፣ ለማታለል የተሠራ ነው ማለት ሆኗል፤ «ሴራ አቀናበረ» የሚለውም ይህንኑ ትርጕም ያጸናዋል። እንግዲህ የልጁን ክርስትና ያቀናበረ አባት እንደ አሳሳች ሊቈጠር ነውን? ይህ ጸሐፊ በዚህ ምክንያት ቃሉን መጣል ተገቢ ነው ብሎ አያምንም። «ተሠራሁ» ያለ ሰው ተታለልሁ ማለቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ስለዚህ ብለን «ሥራ» የሚለውን ቃል አልጣልንም። «ቅንብር» ለሙያው ስም ሆኖ ይጽና፤ «አርትዖት»ም ለጽሑፍ ይቈይ። «የተቀናበረ» የሚለው ቅጽል ግን ክፉ ትርጕም ስለ ያዘ፣ በፊልሙ መጨረሻ ላይ «የምስል ቅንብር በእገሌ» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

እስካሁን ያነሣነው የአነጋገር ጉዳይ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ግን ጉዳት የሚያስከትል ነው።

አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ ምስል ሲያቀናብር በእጁ ያሉት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ካሜራው የቀረጸው ዋናው ምስል ነው። ሁለተኛው ከየትኛው ቀረጻ የትኛው ክፍል እንደሚወሰድ፣ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል፣ ሙዚቃው የት እንደሚገባ የተመዘገበበት መዝገብ ነው። ሦስተኛው ይህ መዝገብ በሥራ ላይ ውሎ የሚገኘው፣ በማናቸውም መሣሪያ ላይ ሊታይ የሚችለው የተፈጸመ ፊልም ነው። ሁለተኛው፣ ማለትም መዝገቡ፣ በሙቪ ሜከር ዐይነት ፕሮግራሞች ውስጥ በራሱ አንድም ምስል አይዝም፤ የሚይዘው የቀረጻዎቹን አድራሻና ትእዛዞችን ብቻ ነው። ስለዚህም መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። የአማርኛው «አስቀምጥ» ግን መዝገቡንም ፊልሙንም በአንድ አፍ ይጠራል።

ከዚህ የሚመጣውን ጥፋት ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም። የአባቱን የልደት በዓል ለሳምንታት ያቀናበረ ሰው «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭኖ ሥራውን ጨረስሁ ይላል። በሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረጸ የ1 ሰዓት ምስል ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ ቦታ ለማግኘት ዋናውን ቀረጻ ይደመስሳል። ያስቀመጠውንም ፋይል በፍላሽ ገልብጦ አንዱን ለእኅቱ ወደ ዋሽንግተን፣ አንዱን ለአክስቱ ወደ ጎንደር ይልካል። ተቀባዮቹ ሲከፍቱት የሚያዩት ነገር የለም። እርሱም ወደ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሲከፍተው፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን በነበረው ሙቪ ሜከር እንደሆነ፣ በየምስሉ ቦታ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ያገኛል፤ አድራሻው አለ፣ ባለቤቱ ግን ከቤቱ የለም። ካሴቱም ሌላ ነገር ተቀርጾበት እንደሆነ የአባቱ ድምፅ አብሮ ጠፍቷል።

ጥፋቱ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል። ምንጩ የሆነው እንግሊዝኛ ራሱ ነገሩን አደባልቆታል። በኤክስፒው ሙቪ ሜከር መዝገቡንም ፊልሙንም ለማስቀመጥ ያገለገለው «ሴቭ» የሚለው አንድ ቃል ነበር። በቪስታ ጊዜ ለፊልሙ «ፐብሊሽ» የሚል ሌላ ቃል መጣ፤ ኋላ ደግሞ ተመልሶ «ሴቭ» ተባለ። ፕሮግራሙም እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2017 መሰጠቱ ቀረ። አይሙቪ ፊልሙን የሚያወጣበትን ትእዛዝ «ሼር» ይለዋል፤ ይህን «አጋራ» ብሎ የሚተረጕም ሰው፣ ፊልሙን ለራሱ ብቻ ማቈየት የሚፈልገውን ሰው ግራ ያጋባዋል። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው እንግዲህ የሰውን ስሕተት በአማርኛ ልብስ አልብሶ ያስገባል ማለት ነው።

በአንጻሩ ግን ሕዝቡ ራሱ ይህን የመሰለ ችግር ያለ ኮሚቴ የፈታበት ጊዜ ነበር። በፊልም ጥቅል ዘመን ፎቶ «ይነሣ» ነበር፤ ከዚያም «ይታጠብ» ነበር። «ፎቶውን አሳጠብኸው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የተነሣው ገና እንዳልተፈጸመ በቃሉ ብቻ ያስታውቅ ነበር። ያልታጠበን ጥቅል ለዘመድ የላከ ሰው የለም። «ማሳጠብ» የሚለውን ቃል ለቪዲዮ እናውርሰው ማለት አይደለም፤ ውኃውም ኬሚካሉም ቀርቷል። ከእርሱ የምንወስደው ስያሜው የቆመበትን ልዩነት ነው።

ለመዝገቡ በተለምዶ የሚነገረው «ፕሮጀክት» ነው። ይህ ቃል በአማርኛ የግድብ፣ የመንገድና የእርዳታ ሥራ ስም ሆኖ ስለ ቈየ፣ ለቪዲዮው ተጠቃሚ ምንም አይነግረውም። በዚህ ፈንታ «ውጥን» የሚለውን ማቅረብ ይቻላል። ስፌት የምትሰፋ ሴት ገና የጀመረችው ሥራ ውጥን ነው፤ ውጥን ሰፌድ አይደለም፣ እህልም አይበጠርበትም። ቃሉ መጀመርንም አለመፈጸምንም በአንድነት ይዟል። እንግዲህ አንደኛው ትእዛዝ «ውጥኑን አቈይ»፣ ሁለተኛው «ፊልሙን አውጣ» ቢባል፣ ተጠቃሚው ምን እንዳደረገ ከቃሉ ያውቃል። «አውጣ» በእነዚሁ ገጾች ላይ ለመሰናበቻ ከሚነገረው «ውጣ» ጋር ይቀራረባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስለዚህ «ፊልሙን» የሚለው ተሳቢ ከትእዛዙ ፈጽሞ እንዳይለይ ያስፈልጋል። «መጽሐፍ አወጣ» የሚለው የቈየ አነጋገርም ለዚህ ድጋፍ ይሆናል። ማውጣቱ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ መሆኑንም ተጠቃሚው ሊያውቀው ይገባል፤ በሰከንድ 25 ነጠላ ምስል በሚቈጠርበት ሥርዐት፣ የ20 ደቂቃ ፊልም 30,000 ምስሎች ናቸው፤ ፕሮግራሙም እነዚህን እንደ ትእዛዙ አንድ በአንድ ይሠራቸዋል። ባለሙያዎች «ሬንደር» የሚሉት ይህንኑ ነው። ለቤት ተጠቃሚ የተለየ ስም አያሻውም፤ «ፊልሙ በመውጣት ላይ ነው» ቢባል በቂ ነው።

«ክሊፕ» ለሚባለው «ቅንጫቢ» የሚል ቃል ይሰማል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ከትልቅ ነገር ላይ በጥቂቱ መቀንጨብን ያሳያል። ይሁንና እነዚህ ፕሮግራሞች ሳይነካ የገባውን የ1 ሰዓት ምስልም «ክሊፕ» ይሉታል፤ ያልተቀነጨበን «ቅንጫቢ» ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው በልጦ ሊገኝ ይችላል። ከካሜራው የመጣው «ቀረጻ» ይባል፤ ከቀረጻው ላይ ተመርጦ በጊዜ መስመሩ ላይ የተቀመጠው «ቅንጫቢ» ይባል። ቅንጫቢው ቢያጥር፣ ቢረዝም፣ ቢነሣም ቀረጻው አይነካም። ይህን ባለማወቅ «ቍረጥ» የሚለውን ቃል የሚፈሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ፊልም በእውነት በምላጭ ይቈረጥ የነበረበት ዘመን ፍርሀት በቃሉ ውስጥ ቀርቶባቸዋል። የ6 ሰዓት ሠርግ እንዳለ ለእንግዳ የሚታየውም በከፊል በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከጊዜ መስመሩ ላይ ለማስወገድ «አንሣ»፣ ዋናውን ቀረጻ ለማጥፋት ግን «ደምስስ» ተብሎ ቢለይ ፍርሀቱም ጥፋቱም ይቀንሳል።

ስለ «ትራንዚሽን» ብዙ ማለት አያሻም። «ሽግግር» የሚለው ድርጊቱን እንጂ መሣሪያውን አይገልጽም፤ «መሸጋገሪያ» የተሻለ ነው። ሙሽሪት ከቤቷ ወጥታ መኪና ውስጥ እስክትገባ ድረስ አራት ልብ፣ ሁለት ኮከብና አንድ የሚገለጥ ገጽ ለምን በመሸጋገሪያነት እንደሚያስፈልጓት ግን የቃላት ኮሚቴ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አይደለም።