የኮንፊግ ፋይሉ ምን አጠፋ?

ትናንት ሲሠራ የዋለው ፓስወርድ ዛሬ ዳታቤዙ ጋ አልገባም ይላል። ፋይሉን የነካው ሰው የለም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። የኖድ ጄኤስ ፕሮግራመሮች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ዶትኢንቪ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው 15ኛ ሥሪቱ፣ በጥቅስ ምልክት ያልታጠረ እሴት ውስጥ # ሲያገኝ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ መጣል ጀመረ። «ፀሐይ#77» የሚል ፓስወርድ «ፀሐይ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያምል የተባለው የኮንፊግ አጻጻፍ ግን ለዚሁ ምልክት ሌላ ሕግ አለው፤ ክፍት ቦታ ካልቀደመው በቀር አይነካውም።

ነገሩን የለመደ ባለሙያ ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንን መስመር ስንት ፕሮግራም እንደሚያነበው ነው። @ ያለበት ፓስወርድ በዳታቤዝ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ %40 ተብሎ ይጻፋል። ያው አድራሻ የዳታቤዝ ለውጥ መሣሪያው አሌምቢክ የሚያነበው የኢኒ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የፓይተኑ ኮንፊግፓርሰር % የሌላ እሴት መጥሪያ ይመስለውና ስህተት ብሎ ይቆማል፤ %%40 ካልተባለ አይላወስም። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ጣለ ማለት ነው። በሰዓታቸው የሚነሡ ትእዛዞች በሚጻፉበት ክሮንታብ ላይ ያችው % አዲስ መስመር ናት። በ% ተጠቅሞ ባክአፑን በዕለቱ ቀን የሚሰይም ትእዛዝ ተርሚናል ላይ እየሠራ ክሮን ውስጥ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባት እሷ ናት።

ጮሆ የሚወድቅ ፋይል ግን ደግ ነው።

አስቸጋሪው ዝም ብሎ ሌላ ነገር የሚያነበው ነው። በያምል 1.1 ሕግ የኖርዌይ ባለ ሁለት ፊደል መለያ፣ ኤን ኦ፣ ጥቅስ ከሌለው «ሐሰት» ተብሎ ይነበባል፤ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኖርዌይ ትጠፋለች። 22:22 ተብሎ የተጻፈ የፖርት ጥንድ በስድሳ ቤት ተሰልቶ 1342 ይሆናል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.2 ይህን ቢያስቀርም የፓይተኑ ያምል አንባቢ ፓይያምል ዛሬም የሚከተለው አሮጌውን ነው። ጽሑፍ የሆነውን ሁሉ በጥቅስ ማጠር ለዓይን አያምርም፤ ቢሆንም ይታጠር።

ዓይን ጨርሶ የማያያቸውም አሉ። የዊንዶውስ ኖትፓድ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ዩቲኤፍ-8 ፋይል ሲያስቀምጥ መነሻው ላይ ሦስት ስውር ባይት ይጨምር ነበር፤ ያልጠበቀው ፕሮግራም የመጀመሪያውን ቁልፍ ስም አያውቀውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ኪቦርዱ ከአማርኛ ሳይመለስ ከቀረ በ: ፈንታ ፡ ይገባል። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር «ፖርት፡ 8080»፣ ሁለተኛው «ስም: ሱቅ» ቢሆን ፓይያምል የሚከሰው ምንም ያላጠፋውን ሁለተኛውን መስመር ነው፤ የመጀመሪያውን እንደ ተራ ጽሑፍ አልፎታልና። ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ፋይሉ በሄክስ ሲከፈት ግን : አንድ ባይት፣ ፡ ሦስት ባይት ነው።