ለልጆች ተብሎ የተቆረጠ ጥበብ፦ አኒሜ በምዕራቡ ዓለም

አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፣ በምዕራቡ ዓለም ብዙ አፍቃሪ እያለው በሰፊው ተመልካች ዘንድ እንደ ሙሉ የፊልም ጥበብ ሳይቆጠር ለምን ኖረ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የባህል ርቀት ነው። የገጸ ባሕርያቱ ዐይን ከመጠን በላይ ይተልቃል፣ ሐዘኑም ደስታውም ይጋነናል፣ ታሪኩ ጃፓን ጃፓን ይሸታል ይባላል። መልሱ ለአፍ ይቀላል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። ኦሳሙ ቴዙካ የዲዝኒ ፊልሞችን እየደጋገመ ያየ፣ ትልልቆቹን ዐይኖችም በከፊል ከአሜሪካ ካርቱን የወረሰ ሠዓሊ ነበር። የእሱ “አስትሮ ቦይ” እ.ኤ.አ. በ1963 በጃፓን ቴሌቪዥን በጀመረበት ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካም ገብቶ ተመልካች አግኝቷል። የአሜሪካ ልጅ ዐይኑን አላሻም፣ እንግዳ ነገር ነው ብሎም አልሸሸም። እንቅፋቱን መፈለግ ያለብን ከተመልካቹ ጣዕም ይልቅ አኒሜሽን የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ በዘጋው የንግድና የቁጥጥር ሥርዓት ውስጥ ነው።

ሥርዓቱ በአንድ ጀንበር አልተሠራም። የሆሊውድ አጫጭር ካርቱኖች መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከዋናው ፊልም በፊት ይታዩ ስለነበር የሚስቅባቸው አዋቂውም ነበር። በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርታም የሥዕል መጽሔቶች ልጆችን ያበላሻሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት ራሳቸውን በራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አጸደቁ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን ካርቱኑን ከሲኒማ ቤት አውጥቶ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ወሰደው፣ የቁርስ እህልና የአሻንጉሊት ማስታወቂያ መሸጫም አደረገው። ከስልሳዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የወላጆች ማኅበራት ከዚያ ሰዓት ላይ ጠብና ደም እንዲነሳ ይወተውቱ ያዙ። ተስሎ የሚንቀሳቀስ ሁሉ የልጅ ነው፣ የልጅ የሆነ ሁሉ ደግሞ ሞት አይገባበትም የሚለው እምነት የተደላደለው እንዲህ ነው።

አኒሜ በዚህ በር ሲገባ ምን እንደደረሰበት ከ“ጋቻማን” በላይ የሚመሰክር የለም። በ1972 በጃፓን የጀመረው ይህ ተከታታይ የአምስት ወጣት ተዋጊዎች ታሪክ ሲሆን በምድር ላይ የሚካሄድ፣ ሰው የሚሞትበት፣ ጀግኖቹም የሚቆስሉበት ነው። “ስታር ዋርስ” ገበያውን ባጥለቀለቀ ማግስት ሳንዲ ፍራንክ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ገዝቶ በ1978 “ባትል ኦቭ ዘ ፕላኔትስ” በሚል ስም አቀረበው። ታሪኩ ወደ ሕዋ ተዛወረ፤ መሬት ላይ የሚፈርሰው ከተማ የሌላ ፕላኔት ከተማ ነው ተባለ። ነዋሪዎቹ አስቀድመው ወጥተዋል፣ የሚፈነዳው አውሮፕላን ውስጥም ሰው የለም እየተባለ ይተረካል። ደም ያለበት ትዕይንት ሲቆረጥ የክፍሉ ርዝመት ስለሚጎድል፣ ጉድለቱን እንዲሞላ ሰባት ዛርክ ሰባት የሚባል ሮቦት አሜሪካ ውስጥ ተስሎ ተጨመረ። ይህ ሮቦት በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተቀምጦ ከብረት ውሻው ጋር ያወጋል፣ ያልታየውን ጦርነትም ለልጆቹ ያብራራል። ዋናው ሥራ ላይ ያልነበረ ገጸ ባሕርይ የሥራው አንደበት ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ ተመልካች አኒሜ አይጥመኝም ብሎ እንዲፈርድ እንኳ አኒሜው ፊቱ አልቀረበም፤ የቀረበው ከመቀስ የተረፈው ነበር።

በ1985 የወጣው “ሮቦቴክ”ም ከሦስት የማይዛመዱ ተከታታዮች የተሰፋ ነው። የዕለት ተዕለት ስርጭት ለመሸጥ 65 ክፍል ይፈለግ ነበርና አንዱ ብቻውን አልበቃም። በዚያው ዓመት የጃፓናዊው ዳይሬክተር የሃያኦ ሚያዛኪ ፊልም “ናውሲካ” ከ20 ደቂቃ በላይ ተቆርጦ ስሙ ተለውጦ አሜሪካ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚያዛኪ ወገኖች ፊልሞቻቸው እንዳይቆረጡ አጥብቀው ተከራክረዋል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። የሚያዛኪ “ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ” ሳይቆረጥ አሜሪካ ገብቶ ሳለ ለምን አልቀናውም? ፊልሙ በ1997 የጃፓንን የሲኒማ ገቢ ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ በ1999 ጥቅምት መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ግን ከሁለት ሚሊዮን ዶላር እምብዛም ያልዘለለ ገንዘብ ነው ያስገባው። ሆኖም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው የ“ፖኬሞን” ፊልም ሲወጣ ከ3,000 በላይ ሲኒማ ቤቶች ተከፍተውለት ከ85 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሁለቱም ፊልሞች ጃፓናዊ ናቸው፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ድምፅ የቀረቡ ናቸው፣ የታዩትም በአንድ መጸው ነው። ባህል ቢያራርቅ ኖሮ ሁለቱንም እኩል ባራራቀ ነበር። የለያቸው አንደኛው ለልጅ የተሸጠ መሆኑና ሌላው እጅና ራስ በቀስት የሚቆረጥበት ሆኖ ሳለ በካርቱን ስም መደርደሪያ ማጣቱ ነው። አከፋፋዩ ለማን እንደሚሸጠው ግራ ስለገባው በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ አሳየው።

አውሮፓስ? በፈረንሳይ “ጎልዶራክ” የተባለው አኒሜ በ1978 ክረምት ሲጀምር ልጆችን ቴሌቪዥን ላይ ሰካቸው፤ በሰማንያዎቹ መጨረሻም “ክለብ ዶሮቴ” የተባለው የልጆች ፕሮግራም ከጃፓን በርካሽ የተገዛውን ሁሉ ያሳይ ነበር። በዚህ መሐል ጭንቅላት የሚፈነዳበት፣ ለወጣቶች የተሠራ “ሆኩቶ ኖ ኬን” ለሕፃናት ቀረበ። ትርጉሙን የሚያሰሙት ተዋንያን በጭካኔው ተማርረው ንግግሩን በቀልድ ለወጡት። ፖለቲከኛዋ ሴጎሌን ሩዋያል በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ የጃፓን ካርቱኖችን ክፉኛ ነቀፈች። አሜሪካ ቆረጠች፣ ፈረንሳይ ሳታይ አሳየች፤ የሁለቱም ስሕተት መነሻ ግን አንድ ነው፣ ካርቱን ሁሉ የሕፃን ነው ማለት። ልዩነቱ ውጤቱ ላይ ነው። የፈረንሳይ ልጆች ምንም ቢሆን ሥራውን በብዛት ስላዩት፣ ሲያድጉ አገራቸውን ከጃፓን ውጭ ካሉት ትልልቅ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ገበያዎች አንዷ አደረጓት።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነው የሚል ይኖራል። የ“ዴመን ስሌየር” ፊልም በ2025 መስከረም አሜሪካ ውስጥ በመክፈቻ ሳምንቱ መጨረሻ 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ገቢው ወደ ሩብ አካባቢ ወርዷል። ይህ የሚያሳየው አስቀድሞ የተዘጋጀ አፍቃሪ መጉረፉን እንጂ ስለ ፊልሙ ከጎረቤቱ ሰምቶ የመጣ ተራ ተመልካች መበርከቱን አይደለም። ኦስካር ለረጅም አኒሜሽን ፊልም መሸለም ከጀመረበት ከ2002 ወዲህም ጃፓን ሁለቴ ብቻ ነው ያሸነፈችው፣ ሁለቱም ጊዜ በሚያዛኪ። አንድን ሊቅ ማክበር የመጣበትን ጥበብ ከማክበር ይለያል።

ጥፋቱን ሁሉ በምዕራቡ ላይ መጫን ግን አይቻልም። በርካታ አኒሜዎች ለጋ ልጃገረዶችን በወሲባዊ ዐይን ያቀርባሉ፤ ይህን የሚጠየፍ ተመልካች ባህል አላወቀም ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። ከዘጠናዎቹ አጋማሽ በኋላ በእኩለ ሌሊት የሚተላለፉ ሥራዎች ሲበዙም፣ ወጪው የሚሸፈነው ውድ ዲስክና አሻንጉሊት ከሚገዙ ጥቂት ታማኝ ደንበኞች ኪስ ስለነበር ታሪኩ ለእነሱ ብቻ እየጠበበ ሄደ። በእኔ እምነት ይህ ከዐይን ትልቅነት የበለጠ ተራውን ተመልካች አርቋል።

አሁን ያለው ስርጭትም ይህን መጥበብ እያጠናከረው ነው። ሶኒ በ2021 የአኒሜ ማሰራጫውን ክራንቺሮልን በ1.175 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ዋናውን ተፎካካሪ ፈኒሜሽንን አስቀድሞ ይዞ ነበርና የምዕራቡ አኒሜ ትልቁ ክፍል በአንድ የደንበኝነት ክፍያ ሥር ገባ። አፍቃሪው ያለ መቀስ፣ በግርጌ ጽሑፍ፣ ከጃፓን ጋር በአንድ ቀን ያያል። ምን እንደሚፈልግ የማያውቀው፣ ማታ ደክሞት ቴሌቪዥን የከፈተው ሰው ግን በአጋጣሚ የሚያገኘው መንገድ እምብዛም የለም፤ “ካውቦይ ቢባፕ” በ2001 በካርቱን ኔትወርክ የሌሊት ፕሮግራም በቀረበ ጊዜ ያልተዘጋጀ ተመልካች ያገኘው በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ነበር።