የኢጓኖዶን አፅም አቋቋምና የአጥንቱ ምስክርነት

በብራስልስ የተፈጥሮ ሳይንስ ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ ቆመው የሚታዩት የኢጓኖዶን አፅሞች ሥዕላቸው በብዙ መጻሕፍት ታትሟል። ብዙ ተማሪም የጥንት አራዊትን አካል የሚያውቀው በነዚሁ ሥዕሎች ስለ ሆነ፥ ሥራውን ከማድነቅ አልፈን ልንመረምረው ይገባናል።

አጥንቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. በቤልጅየም፥ በበርኒሳር የድንጋይ ከሰል ማውጫ፥ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ተገኙ። የብዙዎቹ አጥንት ሳይበታተን እንደ ተያያዘ ነበር። የመጀመሪያው አፅም በ1882 ዓ.ም. ሲቆም ጥናቱን የመራው ሉዊ ዶሎ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናውን እንስጥ። በ1854 ዓ.ም. በለንደን ለክሪስታል ፓላስ የተሠራው የኢጓኖዶን ምስል፥ ሹሉን የአውራ ጣት አጥንት እንደ አውራሪስ ቀንድ በአፍንጫው ላይ ተክሎት ነበር። በበርኒሳር ግን አጥንቱ ከእጁ ጋር ተያይዞ ስለ ተገኘ፥ ዶሎ ወደ እውነተኛ ቦታው መለሰው።

ነቀፌታችን ስለ አቋቋሙ ነው። ዶሎ የካንጋሮንና የአንድ ትልቅ ወፍ አፅም አብነት አድርጎ፥ እንስሳውን ቀጥ ብሎ በጭራው ላይ የተደገፈ አስመሰለው። ነገር ግን በጀርባውና በጭራው አከርካሪ ላይ የተጋደሙት ጅማቶች ወደ አጥንትነት የተለወጡ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጭራ ደግሞ ደርቆ የተዘረጋ እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። ስለዚህ መሬት እንዲነካ ለማድረግ ጭራውን መስበር ግድ ሆነ። እጁም ቢሆን የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ ሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ጫፋቸው እንደ ሰኮና የሰፋ ሲሆን፥ የአንጓው አጥንቶች ተጣብቀው ክብደት ለመሸከም ጸንተዋል። ዴቪድ ኖርማን በ1980 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፥ እንስሳው ጀርባውን አጋድሞ፥ ብዙ ጊዜም በአራት እግሩ ይሄድ ነበር፤ ጭራውም ከዳሌው በስተፊት ላለው አካል ሚዛን ነበረ።

ቤተ መዘክሩ አጥንቶቹ በቀላሉ የሚሰበሩ በመሆናቸው በጥንቱ አቋም እንዲቆዩ ማድረጉን አንነቅፍም። የምንነቅፈው፥ ስለ አውራ ጣቱ አጥንቱን ያመነው ሊቅ ስለ ጭራው ከአጥንቱ ይልቅ ካንጋሮን ማመኑን ነው። ሕያው እንስሳን ማነጻጸር አጥንቱን ለይቶ ለመሰየም ይጠቅማል፤ መገጣጠሚያው እንቢ ሲል ግን መሻሻል ያለበት አብነቱ ነው። አፅም የምንሥል ተማሪዎች ሁሉ አስቀድመን መገጣጠሚያውን እንመርምር፤ አቋቋሙን ከዚያ በኋላ እንወስን።