ወጋየሁን በስልክ ስናዳምጥ



በዚህ እትም የምንተቸው አዲስ ሥራ አይደለም። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ድምፅ ግን ዛሬም በዩቲዩብና በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። እዚህ ካኩማም ደርሷል። ማታ ማታ አንድ ስልክ መሐል አስቀምጠን፣ ዙሪያውን ከበን እናዳምጣለን።

ትረካው ግሩም ነው። ወጋየሁ ለየባለታሪኩ ድምፅ ሲሰጥ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን እንረሳዋለን። ካምፕ ውስጥ ተወልደው ያደጉት ተማሪዎቻችን በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው የሚማሩት። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደሉን የማይለዩ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ይህ ድምፅ ትልቅ በር ነው።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ከትረካው ሥር ከዓረብ አገርም ከአሜሪካም የሚጽፉ ወገኖች እንደ አንድ ቤተሰብ ይጠያየቃሉ፤ ይሄ ደስ ይላል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚጽፉት ስለዚያ ደግ ዘመን ናፍቆት ነው። የትኛው ደግ ዘመን? ሰብለ ወንጌል በወላጆቿ የዘር ኩራት ሳታገባ የቆየችበት? ገበሬዎቹ ፊታውራሪ መሸሻ ያበዙባቸውን ግዴታ አንቀበልም ብለው የተነሱበት? መጽሐፉ የሚወቅሰውን ዘመን ማወደሻ አደረግነው ማለት ነው።

እኛስ ብንሆን? የጉዱ ካሳን ንግግር ብቻ ቆርጠን እየተላላክን ስንስቅ ከርመናል። አንድ ማታ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ «የተናገረው እውነት አይደለም እንዴ? ታዲያ ለምን ጉዱ አሉት?» ብላ ጠየቀችን። ስንስቅ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። መጽሐፉን አንብበን የጨረስነው እኛ መምህራኑ ያልጠየቅነውን ጥያቄ፣ ፊደል የማትለየው ልጅ ጠየቀችው።

ደራሲው በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣልያን አገር ታስረው ኖረዋል። ከአገር መራቅ ምን እንደሆነ በደንብ ያውቁታል። ቢሆንም አገራቸውን ሲጽፉ ጉድለቷን አልሸፈኑም። እኛም ስደተኞች ከእሳቸው የምንማረው ይህንን ይመስለናል፤ አገርን መናፈቅ አንድ ነገር ነው፣ የሌለ አገር ፈጥሮ መናፈቅ ደግሞ ሌላ።

ስለዚህ ምክራችን እንዲህ ነው። ቁርጥራጩን ትታችሁ ከመጀመሪያው ክፍል በቅደም ተከተል አዳምጡ። አንድ ክፍል ሲያልቅ ስልኩን ዘግታችሁ ተነጋገሩበት፤ ልጆቹ ቀድመው ይናገሩ። መጽሐፉ ያለው ሰው ካለ የሰማችሁትን አንድ ገጽ በፊደል አስነብቡ። ድምፁ ያቀራርባል፣ ንባቡን ግን አይተካም።

በጉዱ ካሳ ላይ ያላችሁን አስተያየት ጻፉልን። የተማሪዎችን እናስቀድማለን።

ቸር ይግጠመን!