ሳይቆጥሩ ማወቅ

የጎ ጨዋታ ደንብ ጥቂት ነው። 361 ነጥቦች ባሉት ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየተራ ይቀመጣል፤ ተከቦ መተንፈሻ፣ ማለትም የሚነካው ባዶ ነጥብ፣ ያጣ የጠጠር ቡድን ይነሳል። ኮምፒውተርን ለዓመታት ያስቸገረው መሃል ላይ የደረሰን ጨዋታ አይቶ ማን እንደሚያይል መመዘኑ ነበር። በርንድ ብሩግማን በ1993 ሌላ መላ አመጣ፦ ከዚያ ቦታ ተነስቶ ጨዋታውን በዘፈቀደ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ መጫወት፣ ከዚያ ማን አብዝቶ እንዳሸነፈ ማየት። በ2006 ሬሚ ኩሎም ይህንኑ ከፍለጋ ዛፍ ጋር አዋህዶ የሠራው ክሬዚ ስቶን የተባለ ፕሮግራም በቱሪኑ የኮምፒውተር ኦሊምፒያድ በትንሹ፣ በ9 በ9 ሰሌዳ አሸነፈ። በ2016 ታላቁን የጎ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 የረታው ፕሮግራም አልፋጎ እንኳ ፈጣን የሙከራ ጨዋታዎችን አልተወም ነበር፤ በነዚያ አንድ እርምጃ ለመምረጥ 2 ማይክሮሰከንድ ይበቃው ነበር።

ጠጠር የማስቀመጫው ጊዜ በግማሽ ከቀነሰ በዚያው ሰዓት እጥፍ ጨዋታ ይገኛል፤ ግምቱም ይጠራል። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ ጠጠር ማስቀመጥን በመሰለ ተራ ነገር ላይ ተጠበቡ። የተጠበቡበት ሥራ እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል።

መተንፈሻ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ባዶ ነጥብ የአንዱን ቡድን ሁለት ወይም ሦስት ጠጠሮች ሊነካ ይችላል፤ በትክክል ለመቁጠር ነጥቡ ቀድሞ ተቆጥሮ እንደሆነ በየጊዜው ማጣራት ግድ ይላል። እነሱ ማጣራቱን ተዉት። ሦስት ጠጠር የነካ ነጥብ ሦስት ጊዜ ይቆጠር። ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ቁጥሮቻቸው ይደመራሉ፤ ነጥቡ ሲያዝ በነካው ልክ ይቀነሳል፤ አለቀ። ቁጥሩ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል፣ ዜሮው ግን ምንጊዜም እውነተኛ ዜሮ ነው። ቡድን ለማንሳት ደግሞ የሚያስፈልገው ዜሮውን ማወቅ ብቻ ነው።

የከበደው ጥያቄ ቀጥሎ መጣ። ቡድኑ አንድ መተንፈሻ ብቻ ቀርቶት፣ በሚቀጥለው ተራ ሊበላ እንደሆነስ በምን ይታወቃል? ቁጥሩ 3 ሲል ሦስት ነጥቦች ይሁኑ ወይስ አንዱ ሦስት ጊዜ፣ አይለይም። መልሱን ሳስበው ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ነጥብ መለያ ቁጥር አለው፤ ከብዛቱ ጎን የመለያዎቹ ድምርና የካሬዎቻቸው ድምር አብረው ይያዛሉ። ሦስቱም ንክኪ በ50ኛው ነጥብ ላይ ከሆነ ድምሩ 150፣ የካሬዎቹ ድምር 7,500 ነው፤ 3 ጊዜ 7,500 ደግሞ 22,500፣ ልክ እንደ 150 ካሬ። አንዱ ንክኪ ወደ 51 ቢዛወር ግን በአንድ በኩል 22,803፣ በሌላው 22,801 ይወጣል። የሁለት ልዩነት! የሂሳብ ሊቁ ኮሺ በ1821 ያሳተመው እውነት ነው፦ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ዞሮ መፈለግ የለም፤ እኩል ሲሆኑም 150ን ለ3 ማካፈል የመጨረሻውን መተንፈሻ ቦታ ራሱን ይነግራል።

ሌሎቹ ብልሃቶች አጫጭር ናቸው። በሰሌዳው ዙሪያ አንድ ረድፍ ትርፍ ነጥብ ይታከላል፤ ጠርዝ ላይ ነኝ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀራል። ከባዶ ነጥቦች ዝርዝር አንዱ ሲወጣ የመጨረሻው ቦታውን ይይዛል። የራስን ዓይን፣ ማለትም በራስ ጠጠሮች የተከበበን ባዶ ነጥብ፣ መድፈን ይከለከላል፤ ያለዚያ የዘፈቀደው ጨዋታ ማለቂያ አይኖረውም። የቡድኑ ጠጠሮች በክብ ሰንሰለት ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ ጠጠር ቀጣዩን ይጠቁማል። ሁለቱን ክቦች አንድ ለማድረግ ከየክቡ አንድ አንድ ጠቋሚ ማቀያየር ይበቃል፤ ቡድኑ 2 ጠጠር ይኑረው 40፣ ሥራው ያው ነው።