ገንዘቡ የሕዝብ፣ ጥያቄው የማን? ስለ ዓለም አቀፍ የምርምር ድጋፍ አንዳንድ ሂሳዊ ነጥቦች

በአገራችን ስለ ጤና ምርምር በተነሣ ቁጥር «በጀት የለም» የሚለው ምሬት ቀድሞ ይሰማል። ምሬቱ እውነትነት አለው። ይሁንና ከሌሎች አገሮች ግብር ከፋይ ሕዝብ የሚሰበሰብ፣ የአፍሪካ ተመራማሪም ሊወዳደርበት የተፈቀደ ገንዘብ መኖሩ አይካድም። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ በማን እጅ አልፎና በማን የጥናት ጥያቄ ተመርቶ ወደ እኛ እንደሚደርስ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ አንጻር የአውሮፓንና የአሜሪካን መርሐ ግብሮች ለመመዘን ይሞክራል።

የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካዊ ሙከራዎች ትብብር፣ በአጭር ስሙ ኢዲሲቲፒ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲቋቋም ትኩረቱ በኤችአይቪ/ኤድስ፣ በወባና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው ሁለተኛ ዙር ችላ የተባሉ ተላላፊ በሽታዎችም ታክለውበታል። ሦስተኛው ዙር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመሠረት የአውሮፓ ኅብረት እስከ 800 ሚሊዮን ዩሮ መድቦለታል። የዚህ መርሐ ግብር ትልቁ ብርታት አገራችንን ጨምሮ የአፍሪካ መንግሥታት በማኅበሩ አባልነት ታቅፈው በአመራሩ ድምፅ ማግኘታቸው ነው። ነዋሪነታቸው በአፍሪካ ለሆኑ ተመራማሪዎች በአፍሪካዊ ተቋም ስም የሚሰጡ የሙያ ማሳደጊያ ድጋፎችን ማቅረቡም ሊመሰገን ይገባዋል። ድክመቱ ደግሞ ትላልቆቹ ጥሪዎች የብዙ አገሮችን ተቋማት ጥምረት የሚጠይቁ መሆናቸው ነው። በአውሮፓ ወዳጅ የሌለው ወጣት ተመራማሪ ጥሪው ከወጣ በኋላ አጋር ፍለጋ ቢነሣ ጊዜው ያልፍበታል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ማለትም ኤንአይኤች፣ በብዙ ጥሪዎቹ የውጭ ተቋማት በቀጥታ እንዲወዳደሩ ይፈቅዳል። በተግባር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዋናውን ውል ይዞ ለእኛ ንዑስ ውል የሚያካፍልበትን ነው። በዚህ አሠራር የጥናቱ ጥያቄ እዚያ ይነደፋል፤ ሕመምተኛው እዚህ ይመዘገባል፤ መረጃው እዚያ ይተነተናል። የእኛ ሰው ስም ከደራሲዎቹ ዝርዝር መካከል ላይ ይገኛል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሜፒ የተባለው የሕክምና ትምህርት አጋርነት መርሐ ግብር 130 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይዞ ገንዘቡን በቀጥታ ለአፍሪካ ተቋማት ሰጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር።

የአስተዳደር ወጪ አከፋፈሉም ሚዛናዊ አይደለም። ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት ለረጅም ዓመታት ሲፈቅድ የቆየው የቀጥታ ወጪውን እስከ 8 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ብዙ የታወቁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተደራድረው ከ50 በመቶ በላይ ያገኛሉ። በአንጻሩ የአውሮፓው ሆራይዘን ለአውሮፓዊውም ለአፍሪካዊውም ተቋም 25 በመቶ ያስባል። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመብራት መጠባበቂያና የላቦራቶሪ ጥገና የሚሸፈኑት ከዚህ ወጪ ስለሆነ፣ በ8 በመቶ ጠንካራ የምርምር ቢሮ ይገንባ ማለት ዘበት ነው።

በንዑስ ውል ላይ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በግልጽ ታይቷል። ኤንአይኤች አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ ለውጭ ተቋማት ንዑስ ውል ያካተቱ ድጋፎችን እንደማይሰጥ በዚያ ወር ሲያስታውቅ፣ ውሳኔው የጥናት ነርሶችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ደመወዝ፣ ከዚያም አልፎ የሕመምተኞችን ክትትል የሚነካ ነበር።

ሂሱ ግን በሩቁ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። ይህ ጸሐፊ ከባልደረቦቹ ጋር ወራት የፈጀ የጥናት ዕቅድ ካዘጋጀ በኋላ የተቋሙ ምዝገባ ሳይታደስ መቅረቱን የተረዳው የማስገቢያው ቀን አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ለቅቋል፤ ዕቅዱም በመሳቢያ ውስጥ ቀረ። የተጎዳው የእኛ ድካም ብቻ ሳይሆን ጥያቄው የተነሣላቸው እናቶች ጭምር ናቸው።

ስለሆነም ባልደረቦች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ አይደለም። ለአሜሪካው ኤንኬጅ የተባለውን መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ሳም በተባለው የመንግሥት መዝገብ መግባትና ይህንኑ በየዓመቱ ማደስ፣ ኢአርኤ ኮመንስ በተባለው ሥርዓት ውስጥም ተቋሙን ወክሎ የሚፈርም ኃላፊ መሰየም ያስፈልጋል። ኤንአይኤች ራሱ ምዝገባው ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድሞ እንዲጀመር ይመክራል። ለአውሮፓው ደግሞ ፒክ የተባለውን ባለ 9 አኃዝ የተቋም መለያ ማግኘት ይገባል። ተቋሞቻችን ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ትዝታ ሳይተዉ በቋሚ ቢሮ ሊያስይዙት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥያቄው ከእኛ ይነሣ። ከዋርዳችንና ከጤና ጣቢያችን የተነሣ፣ በወጉ የተጻፈ ጥያቄ አስቀድሞ በእጁ ያለው ተመራማሪ አጋር ሲፈልግ በእኩልነት ይደራደራል፤ የሌለው ግን የሌላውን ጥያቄ ተሸክሞ ይዞራል። ስለ በጀቱ ድርሻ፣ ስለ ናሙናና መረጃ ባለቤትነት፣ ስለ ደራሲነትም ከፊርማ በፊት መነጋገር እንደ ብልግና ሊቆጠር አይገባም። ገንዘቡ የሌላ አገር ሕዝብ ቢሆንም በጥናቱ የሚሳተፈው ሕመምተኛ የእኛ ነውና፣ ስለ እርሱ የመጠየቅ ቅድሚያ ኃላፊነት የእኛው ነው።