የበጀት ጣሪያና የመማሪያ ክፍል ጣሪያ

ስለ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር በመምህሩ ዝግጅት፣ በመጽሐፉ ይዘትና በተማሪው ጠባይ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ገንዘብ በማን፣ መቼና በምን መሠረት እንደሚጸድቅ ግን በመምህራን መካከል እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ይህም ነገሩ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመለካከት ስሕተት መሆኑን ማሳየት፣ የአካባቢ ምክር ቤቶች የትምህርት በጀት የሚያጸድቁበትን አሠራር መመርመርና ጉድለቱን መንቀፍ ነው። ከነቀፋውም እኛ መምህራን አናመልጥም።

በአንድ ትዝታ እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአማራ ክልል በአንድ ወረዳ ስናስተምር፣ የወረዳው ምክር ቤት የበጀት ጉባኤ ሲያደርግ ከርእሰ መምህራችን ጋር ተጋብዘን ተገኝተን ነበር። ጊዜው የሰኔ መጨረሻ ሲሆን ክረምቱ ገብቷል። ጧት የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ተነበበ፤ ከምሳ በኋላ በጀቱ ቀረበ። የትምህርት ዘርፉ ከወረዳው በጀት ትልቁን ድርሻ የያዘ ሆኖ ሳለ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ተጠቃልሎ ነበር። ርእሰ መምህሩ የመናገር ዕድል ሲሰጣቸው ስለ ሁለት መማሪያ ክፍሎች አነሡ፤ ቆርቆሮው ስለተበሳሳ ዝናብ በጣለ ቁጥር ተማሪዎቹ ዴስካቸውን ወደ ግድግዳው እየገፉ እንደሚማሩ አስረዱ። ሰብሳቢው በአክብሮት ካዳመጧቸው በኋላ፣ «መምህር፣ ችግሩን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የዘንድሮው ጣሪያ ሞልቷል» ሲሉ መለሱላቸው። ጉባኤተኛው ሳቀ፤ ርእሰ መምህሩም ሳቁ። ከዚያም እጅ ወጣ፤ በጀቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በመስከረም ስንመለስ ቆርቆሮው እንደነበረ ቆየን።

ያን ጊዜ ከሳቁት አንዱ እኛ ነበርን። ቆይተን ስናስበው ግን ቀልዱ የነገሩን ሁሉ ፍሬ ይዞ አገኘነው። ሁለት ጣሪያዎች አሉ። አንዱ በገንዘብ መሥሪያ ቤት በቁጥር የሚወሰነው የበጀት ጣሪያ ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ የሚፈትነው የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ነው። ምክር ቤቱ የሚያየው የመጀመሪያውን ሲሆን ተማሪው የሚኖረው ከሁለተኛው በታች ነው። ጥያቄው እነዚህ ሁለት ጣሪያዎች የሚገናኙት የት ነው የሚለው ነው።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንመልከተው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ከተደረገ ወዲህ፣ ክልሉ ለየወረዳው በቀመር የተሰላ ጥቅል ድጎማ ይሰጣል። ወረዳው ድጎማውን ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለየጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ያሳውቃል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ልክ ጥያቄውን ያዘጋጃል፤ ካቢኔው ያየዋል፤ በመጨረሻ በሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ሥርዓት ነው። ገንዘቡን የሚያጸድቀው ትምህርት ቤቱን በእግሩ ሄዶ ሊያየው የሚችል ሰው ነውና።

ታዲያ ጉድለቱ ከምን ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ከሦስት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛ፣ ጣሪያው ከፍላጎቱ ይቀድማል። ማንም ቤተሰብ ገቢውን ሳያውቅ ወጪውን አያቅድምና ጣሪያ መኖሩ በራሱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ጣሪያው ከተነገረ በኋላ፣ ያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ለቁጥሩ ልክ ተብሎ የሚሰፋ መሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ምክር ቤቱ ምን እንደተሟላ እንጂ ምን እንደቀረ አያውቅም። የተቆረጠው ጥያቄ ከጉባኤው በፊት ተቆርጦ ስላለቀ፣ ተመራጩ እጁን ሲያወጣ የሚያጸድቀው የተረፈውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ደመወዝ በጀቱን ይውጠዋል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ብር የትምህርት በጀት 90 ብሩ ደመወዝ ነው እንበል። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ መምህር ያለ ደመወዝ አያስተምርም። እውነተኛ ምርጫ የሚደረገው በቀሪው 10 ብር ላይ ነው። ጠመኔ፣ ለቤተ ሙከራ የሚሆን ኬሚካል፣ የተሰበረ ዴስክ፣ የፈተና ወረቀት፣ የመጸዳጃ ቤት ጥገና ሁሉ ከዚያች 10 ብር ይጠብቃሉ። ነገር ግን ጉባኤው በ100ው ላይ እንጂ በ10ሩ ላይ አይወያይም። የወረዳው አስተዳደር «ለትምህርት ከፍተኛ በጀት መድበናል» ሲል እውነቱን ነው፤ መምህሩም «ለትምህርት ቤታችን ምንም አልደረሰም» ሲል እውነቱን ነው። ሁለቱም እውነተኞች ሆነው የማይግባቡት ስለ ተለያየ ገንዘብ ስለሚነጋገሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ሠንጠረዡ የዘርፉን ድምር እንጂ የየትምህርት ቤቱን ድርሻ አያሳይም። አንድ ተመራጭ በቀበሌው ያለው ትምህርት ቤት ዘንድሮ ስንት እንደሚያገኝ ከፊቱ ባለው ወረቀት ሊያነብ ካልቻለ፣ ለመራጮቹ ምን ብሎ ይመልሳል? ከጸደቀስ በኋላ ምን ያህሉ እንደደረሰ በምን ይቆጣጠራል?

ይህ ችግር ትናንት የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 በኢትዮጵያ የትምህርት ግብር ሲታወጅ በመሬት ላይ የሚከፈል ሆኖ፣ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ እንዲውል የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ግብር የሚከፍለው የገጠሩ ገበሬ ሲሆን ትምህርት ቤቶቹ በብዛት የተከፈቱት በከተማ ነበር። ከፋዩና ወሳኙ ተለያዩ። ከአብዮቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩ፣ በ1984 ደግሞ አስተዳደራቸው እንዲጠናከር አዋጆች ወጡ፤ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችም ተቋቋሙ። ኮሚቴዎቹ ብዙ ክፍል በሕዝብ መዋጮና ጉልበት ማሠራታቸው የማይካድ ነው፤ ሆኖም ሥራቸው በአብዛኛው ከሕዝቡ ገንዘብ ማሰባሰብ እንጂ የመንግሥትን ገንዘብ መወሰን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር የተሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ በቀጥታ መላክ ሲጀመር፣ ርእሰ መምህራንና የወላጅና መምህር ኅብረት የሚያዙበት ጥቂት ገንዘብ አገኙ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ትምህርቱ ትልቅ ነበር፦ ስንት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ማቀድ ይችላል።

አሁን ደግሞ ይህን ወደምንጽፍበት ወደ ጋቦዴ፣ ወደ ጅቡቲ ከተማ እንመለስ። እዚህ ነገሩ በሌላ መልክ ይታያል። ከተማይቱ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በሚባሉ ሦስት ኮሙኖች የተከፈለች ስትሆን፣ ሕዝቡ የአካባቢ ምክር ቤቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤቶቹ ዋና ገንዘብ በእነዚህ ምክር ቤቶች በኩል አያልፍም። የመምህራን ቅጥር፣ ምደባና ደመወዝ፣ የመማሪያ መጽሐፍም ጭምር የትምህርት ሚኒስቴሩ ሥራ ነው፤ ገንዘቡንም በዓመታዊው የበጀት ሕግ የሚያጸድቀው 65 አባላት ያሉት ብሔራዊ ምክር ቤት ነው። በባልባላ ያለች አንዲት እናት የልጅዋ ክፍል ስለ መጨናነቁ ለመረጠችው የኮሙን ተመራጭ ብታመለክት፣ ሰውየው ቢያዝንላትም ገንዘቡ በእጁ አይደለም።

ከዚህም ሌላ የቀን መቁጠሪያ ችግር አለ። የጅቡቲ የበጀት ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሲሆን ትምህርት ቤት የሚከፈተው በሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ አንድ የትምህርት ዓመት በሁለት የበጀት ዓመታት ላይ ይቆማል። በሴፕቴምበር የተመዘገበው አዲስ ተማሪ የሚማረው እርሱ ከመመዝገቡ ከስምንት ወር በላይ ቀደም ብሎ በተዘጋጀ ሒሳብ ነው። እንደ ባልባላ ነዋሪው በፍጥነት በሚበዛበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያው አቆጣጠር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ የተጀመረ በጀት ለመስከረም ይደርሳል። ነገር ግን ገንዘቡ ተከፋፍሎ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚደርሰው ዘግይቶ ከሆነ፣ አቆጣጠሩ የሰጠውን ጥቅም አሠራሩ መልሶ ይወስደዋል።

ለማዕከላዊው አሠራር የሚቀርበውን መከራከሪያ ሳናነሣ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ደመወዝ ከማዕከል ሲከፈል የድኻ ሰፈር መምህር ከሀብታም ሰፈር መምህር እኩል ይከፈለዋል፤ የኮሙኑ ገቢ ቢጎድል ትምህርት ቤቱ አይዘጋም። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ስለሆነም ሁሉም ነገር ወደ ታች ይውረድ አንልም። የምንለው ደመወዙ ከላይ ቢመጣም፣ ያች ቀሪ 10 ብር የት እንደምትውል ግን ዝናቡን የሚያየው ሰው ይወስን ነው። ወረዳው ሥልጣኑ አለው፤ የሚያወያይ ወረቀት የለውም። ኮሙኑ ተመራጮች አሉት፤ በትምህርት ቤት ገንዘብ ላይ ሥልጣን የለውም። በሁለቱም ቦታ የተበሳው ቆርቆሮ ከድምፅ መስጫው ጋር አይገናኝም።

ዕውቀት ብቻውን ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከኡጋንዳ እንማራለን። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 የነበረውን ሒሳብ በ250 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘዋውረው የመረመሩ አጥኚዎች፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቶች ከተመደበው ደመወዝ ያልሆነ ገንዘብ በአማካይ የደረሳቸው 13 ከመቶ ብቻ መሆኑን አገኙ። የቀረው በመንገድ፣ ማለትም በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ቀርቷል። መንግሥቱም የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣትና ትምህርት ቤቶች የተቀበሉትን ልክ በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ ማድረግ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደረሰው ድርሻ ከ80 ከመቶ በላይ ሆነ። ለውጡ በማስታወቂያው ብቻ መጣ ለማለት ባይቻልም፣ ወላጅና መምህር የሚያውቁትን ገንዘብ መሰወር አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። በማሠልጠኛ ተቋም እጩ መምህራንን የትምህርት ዕቅድ፣ የጥያቄ አወጣጥና የክፍል አያያዝ እናስተምራለን። አንድ ቀን ከመስክ ልምምድ የተመለሱትን፣ «የቆያችሁበት ትምህርት ቤት በጀት መቼ እንደሚጸድቅ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» ብለን ጠየቅን። አንድም እጅ አልወጣም። ልንወቅሳቸው ግን አልቻልንም፤ ያላስተማርነውን ነበር የጠየቅናቸው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም ብንሆን ዓመታዊ ፍላጎታችሁን አቅርቡ ስንባል ያምናውን ወረቀት ቀን ለውጠን የምንሰጥ ጥቂት አይደለንም። ጠመኔ ሲያልቅ፣ ጉባኤው ከተበተነ ከወራት በኋላ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዘን እናማርራለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከነቀፋ ቀጥሎ መፍትሔ መጠቆም የነቃፊ ግዴታ ነውና የሚከተለውን እናቀርባለን። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ፍላጎት የበጀት ጣሪያው ከመነገሩ በፊት፣ በቅደም ተከተልና በዋጋ ተምኖ በአንድ ገጽ ያዘጋጅ። ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ሠንጠረዥ የየትምህርት ቤቱን ድርሻ፣ ከእርሱም ጎን የተጠየቀውንና የተቆረጠውን ያሳይ። ከጉባኤው በፊት ተመራጮች በአካባቢያቸው ያለውን ትምህርት ቤት ይጎብኙ፤ ቢቻል በዝናብ ቀን። የጸደቀው ገንዘብ ልክም በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የኮሙን ምክር ቤት በጀት በማያጸድቅበት እንደ ጅቡቲ ባለ ቦታም ቢሆን፣ ተመራጮች የየሰፈሩን ትምህርት ቤት ፍላጎት ሰብስበው ብሔራዊው ምክር ቤት በጀቱን ከማየቱ በፊት ቢያቀርቡ የሚከለክል ምክንያት አይታየንም። ማሠልጠኛዎችም ለዚህ ጉዳይ ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመድቡ፤ እኛም በበኩላችን በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ልንጀምረው አስበናል።

ከተዘረዘሩት አብዛኛዎቹ አዲስ ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ የጉብኝት ቀንና ለማስታወቂያ ሰሌዳው ጥቂት መርፌ ቁልፍ ይበቃቸዋል። ያ የወረዳ ምክር ቤት ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከፊታቸው የተቀመጠው ወረቀት ስለ ቆርቆሮው አንዲት ቃል ባለመያዙ የሚያውቁትን ጣሪያ ነገሩን። የሚቀጥለው ሰኔ ከመድረሱ በፊት ያን ቃል በወረቀቱ ላይ ማስፈር የእኛ የመምህራን ፋንታ ነው።